ግራ የገባው ደላላ

ኖቬምበር 6

ይህ ደብተር ማስረጃ ነው። ባለቤቴ ሎውል ስጽፍ አየና «ኑዛዜ ነው እንዴ? ጀልባዋን ለእኔ አድርጊያት» ብሎ ቀለደ። ኑዛዜ አይደለም። የሚያጭበረብሩኝን ሰዎች ልይዝ ነው።

አንድ ቀን ለምጫወተው የኮምፒውተር ጌም ባለቤቶች እልከው ይሆናልና በሥርዓቱ ልጀምር። አይላ ኮርፔላ እባላለሁ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ አንድም ሰው ነክቼ አላውቅም። የጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ፣ ምሳ በልቼ፣ ከሰዓት በኋላ «የብረት ወደብ» እጫወታለሁ። አምስት ለአምስት ነው፤ አንዱ ቡድን መርከብ ይጭናል፣ ሌላው ሊያቃጥለው ይመጣል። አራት ዓመት ሙሉ ከሬዣን ቲቦዶ ጋር ነው የተጣመርኩት። ኒው ብረንዝዊክ በሚባል ሩቅ ክፍለ ሀገር ውስጥ የዓሣ ፋብሪካ ማቀዝቀዣ ይጠግናል። ፊቱን በአካል አይቼው አላውቅም። ያገናኘን ጌሙ ራሱ ነው። ተጫዋችን ከተጫዋች የሚያዛምደውን ፕሮግራም እኔና ሬዣን «ደላላው» እንለዋለን፤ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ ስለማላምነው።

ሰሞኑን ሰዎች ከባዶ ቦታ እየወጡ ይገድሉኛል። የመጋዘኑ በር ላይ ቆሜ አያለሁ፤ ባዶ ነው፣ ባዶ ነው፣ ከዚያ ሞቻለሁ። ራሳቸውን ከሌላው ሰው ስክሪን ላይ የሚያጠፉበት የተከለከለ ፕሮግራም አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ራሴን ክፉኛ አሞኝ ሁለት ቀን ተኝቼ ነበር፤ እኔ በሌለሁበት አዲስ ነገር ሳይለቁ አልቀሩም። የባሰው ከተመለስኩ ወዲህ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱን አሟሟቴን እመዘግባለሁ።

ኖቬምበር 9

ስድስት ጊዜ ሞትኩ። አምስቱ ከግራ። ጌሙ ላይ ያለውን የክስ ቁልፍ ተጭኜ አምስቱንም ከሰስኩ።

ኖቬምበር 15

ከወርቅ ሦስት ወደ ወርቅ አንድ ወረድኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወርቅ ሦስት ነበርኩ።

ይህን ለማያውቅ ሰው ልጻፈው። ስማችን አጠገብ የሚለጠፈው ሜዳሊያ፣ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ የሚባለው፣ ለዓይን ነው። ዋናው ማንም የማያየው ስውር ቁጥር ነው። ስታሸንፍ ይጨምራል፣ ስትሸነፍ ይቀንሳል፤ ደላላው በዚያ ቁጥር እየለካ ሁለቱን ቡድን ያመጣጥናል። ትክክለኛ ቦታው ላይ ያለ ሰው ግማሹን ያሸንፋል፣ ግማሹን ይሸነፋል ይላሉ። እኔ ደግሞ ያላየሁትን ሚዛን አላምንም።

«ደላላው ሆን ብሎ ከደካማ ጋር እያጣመረኝ ነው» አልኩት ለሬዣን።

«ዛሬ ያጣመረሽ እኮ ከእኔ ጋር ነው።»

«አንተን አላልኩም።»

«እመቤቴ፣ ይሄ ደላላ ኮሚሽን አይቀበልም። ሴት ሁኚ ወንድ፣ ጎረምሳ ሁኚ ጡረተኛ ጉዳዩ አይደለም። ስምሽን እንኳ አያውቅም። የምትችይውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ባይሆን ኖሮ አንቺና እኔ በየትኛው ሰርግ ላይ ነበር የምንተዋወቀው?»

«ጠበቃው ነህ እንዴ?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እሱ እስካሁን ወርቅ ሦስት ነው። አብረን እየተሸነፍን የእኔ ብቻ ለምን ይወርዳል? ስጠይቀው «አንቺ ስትተኚ ብቻዬን ጥቂት እጫወታለሁ፣ እዚያ አካክሳለሁ» አለኝ። እኔ ሳልኖር ያሸንፋል ማለት ነው። ይህንንም ጻፍኩት።

ደንቡ ደግሞ አለ። በሁለት ጓደኞች መካከል ከአንድ ሜዳሊያ በላይ ልዩነት ከመጣ ደላላው አብረው እንዲሰለፉ አይፈቅድም። ወርቅ ከብር ጋር ይሆናል። ወርቅ ከነሐስ ጋር አይሆንም። ነሐስ ከወረድኩ ሬዣንን አጣለሁ። ከሎውል ቀጥሎ በቀን ብዙ የማወራው ከእሱ ጋር ነው፤ አንዳንድ ቀን ከሎውልም በፊት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ኖቬምበር 22

ግሌንዳ፣ የስምሪት ኃላፊያችን፣ ሾፌሩ ሁሉ በተሰበሰበበት አሳፈረችኝ። አውቶቡስ ቁጥር 317 የተመደበልኝ ቀን 17ን አስነስቼ ወጣሁ። 17 ማሞቂያው የማይሠራ አሮጌ መኪና ነው፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሲንቀጠቀጥ ዋለ።

«ሦስቷን የት ጣልሻት?» አለችኝ ወረቀቱን እያወዛወዘች።

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ሦስቷ አለች። ጠዋት ግን አልነበረችም፤ ብነግራት ማን ያምነኛል። ወይ ማተሚያው ቀለም ጨርሷል፣ ወይ ሰው ነገር እየሠራብኝ ነው። የእኔን መስመር የሚመኙ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ።

ቤት ስገባ ግራ ትከሻዬ ላይ አዲስ የበለዘ ነገር አገኘሁ። «ከሳውናው በር ጋር እንደገና ተጣላችሁ?» አለ ሎውል። የእንፋሎት መታጠቢያችን በር ጠባብ ነው። አባቴ ከሠራው ጀምሮ ጠባብ ነው።

ዲሴምበር 1

ቸኩያለሁ። ስምንት ሞት። ሰባቱ ግራ። በረዶው ጀመረ። የአውቶቡሱ የግራ ምሰሶ፣ መስኮቱን ከመስኮቱ የሚለየው ወፍራሙ ብረት፣ ዛሬ አንድ ፒካፕ መኪና ሙሉ ሸፈነብኝ። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋብኝ፣ ጣቱን ቀስሮ ሰደበኝ። ስለዚያ ምሰሶ አሥር ዓመት ስንጮህ የሰማን የለም።

ዲሴምበር 8

ብር። ብር ላይ ነኝ።

ዛሬ ደላላው ሦስት ጎረምሶች ሰጠን። አንደኛው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ አፉ አላረፈም።

«የመጋዘኑን ግራ በር ማን ነው የያዘው?»

«እኔ» አልኩ።

«አንቺ ነሽ? ሰውዬው እኮ እጅ ነስቶሽ ነው ያለፈው! አያቴ፣ መነጽርሽን ፈልጊ!»

«አያትህን ቤትህ ሄደህ ፈልጋት፤ እኔ ጋ የለችም።»

ጎረምሶቹ ፈነዱ። ሬዣን ብቻ አልሳቀም። «ተዋት አንተ ልጅ» አለው። «ያንን በር አራት ዓመት ይዛዋለች።»

«ይዛው ነበር» አለ ልጁ።

ሦስቱንም ከሰስኳቸው። የራሴ ቡድን ስለነበሩ በምን እንደምከሳቸው ጥቂት ተቸገርኩ።

ዲሴምበር 19

ይህን በጥንቃቄ ልጻፍ፤ ቃል በቃል።

በጨዋታና በጨዋታ መሃል «ሻይ ላፍላ» ብዬ ተነሳሁ። ውሃው ቀድሞ ፈልቶ ስለነበር ቶሎ ተመለስኩና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ሬዣን የሄድኩ መስሎታል። ደላላው የሰጠንን አንድ እንግዳ ተጫዋች እያናገረ ነበር።

«ግራውን እኔ እጠራለሁ» አለው። «እሷ ላይ አትጩህ።»

«እስከ መቼ?»

«እስካስፈለገ ድረስ።»

ጉሮሮዬን ጠራርጌ «መጣሁ» አልኩ። ሬዣን «እንኳን ደህና መጣሽ እመቤቴ» አለ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ግራውን እጠራለሁ ማለት ምን ማለት ነው? ማንን ነው የሚጠራው? ሰዎቹ ሁልጊዜ የሚመጡብኝ ከግራ ነው። አራት ዓመት። የልጁን የምርቃት ፎቶ ልኮልኛል። ይህን መጠርጠሬ ያሳፍረኛል፤ ግን የሰማሁትን ሰምቻለሁ።

በኋላ እንደተለመደው «ግራሽን! ግራሽን!» እያለ ሲጮህልኝ ዋለ። በየደቂቃው። ድሮ እንዲህ ይጮህ ነበር? አላስታውስም።

ዲሴምበር 27

ለገና የጠበስነው የአሳማ ሥጋ ገና አላለቀም፤ ሦስተኛ ቀናችን ነው። ሎውል ሳህን እያጠበ ጀርባውን ሰጥቶኝ «ዓይንሽን ታይተሽ ለምን አትገላገይም?» አለኝ።

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ትናንት የቆሻሻ መጣያውን ገጨሽው፣ ምንም አልሆነ።»

አፉን ላስዘጋው ብዬ መድኃኒት ቤት ሄድኩ፤ እዚያ ግድግዳ ላይ የፊደል ሰሌዳ አላቸው። እዚያ የምትሠራው ልጅ የመጨረሻዋን መስመር አንብቢ አለችኝ። በአንድ ትንፋሽ አነበብኩላት። ያቺን መስመር የአሥር ዓመት ልጅ አያነባትም፣ እኔ ያለ መነጽር አነበብኳት።

«ከፊት ሁለት ፊደል ዘለልሽ» አለች።

«ደብዝዘዋል።»

«ሁለቱም?»

ወደ ሰሌዳው ጠጋ ብዬ አየሁ፤ ፊደሎቹ ደህና ናቸው። መብራቱ ነው። ለማንኛውም ሐኪም ይይሽ አለችና ስልክ ቁጥር ጽፋ ሰጠችኝ። ወረቀቱን መኪናው ውስጥ ትቼዋለሁ። ሾፌር ዓይን ሐኪም ቤት ከታየ ወሬው በማግስቱ ጋራዡ ውስጥ ነው፣ ከዚያ ፈተና፣ ከዚያ ወረቀት ቤት ቁጭ በይ። ጁን ላይ ተመርምሬ አልፌያለሁ። ለሎውል «ጤነኛ ነኝ፣ መስመሩን ሁሉ አነበብኩ» አልኩት። ውሸት አይደለም።

ጃንዋሪ 7

አካውንቴ ታገደ። እኔ! እነሱ አይደሉም፣ እኔ!

«ያቀረብሻቸው 31 ክሶች ተመርምረው መሠረት አልተገኘላቸውም። በተደጋጋሚ የሐሰት ክስ ምክንያት ለሰባት ቀን ታግደሻል።»

ሠላሳ አንዱም ንጹሕ፣ እኔ ብቻ ወንጀለኛ። ከከሰስኳቸው አንዷ ሳስካቱን በሚባል ከተማ የምትኖር ነርስ ናት፤ ከመታገዴ በፊት «ምን አድርጌሽ ነው? ፊት ለፊትሽ እኮ ነበርኩ» ብላ ጽፋልኝ ነበር። አልመለስኩላትም።

ጃንዋሪ 16

ዛሬ ከሬዣን ጋር ተለያየን። በንዴት ነው የምጽፈው።

የእገዳው ጊዜ ሲያልቅ የአሟሟቴን ዝርዝርና የአሥራ ሁለት ጨዋታ ቅጂ ላክሁለት። እያንዳንዱ ጨዋታ ሲያልቅ ቅጂው ይቀመጣል፤ ስክሪኔ ላይ የነበረውን እንዳለ ያሳያል። ወዳጅ ቢሆን ያግዘኛል፣ ከእነሱ ጋር ቢሆን ይጋለጣል ብዬ ነው። ሁለት ቀን ጠፋ። ዛሬ ደወለ።

«አየሁት» አለ።

«እና?»

«አይላ።» በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ሦስተኛው ላይ፣ በርሜሎቹ ጋ፣ ሰውዬው ቆሟል።»

«የት ነው የቆመው?»

«በርሜሎቹ አጠገብ ነዋ። ያንቺ ስክሪን ላይ። አራት ሰከንድ። ጠመንጃውን ሲሞላ ሁሉ ይታያል። ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። ሁሉም አሉ።»

«የለም። እኔ ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ማንም የለም።»

«ዓይንሽን ከማነጣጠሪያው መስቀል ላይ አንስተሽ ወደ ግራ...»

«አንተ ነህ ወይስ እነሱ ናቸው ይሄን በል ያሉህ? ግራውን እጠራለሁ ስትል ሰምቼሃለሁ!»

በጣም ቀስ ብሎ «ለአንቺ እኮ ነው የምጠራልሽ» አለ።

ዘጋሁበት። ከጓደኞቼ ዝርዝር ውስጥ ሰረዝኩት። ስሙን ለማጥፋት አንድ ጊዜ መጫን በቂ መሆኑ ገረመኝ።

ጃንዋሪ 24

ነሐስ። አሁን ብንታረቅም ደላላው አብረን እንድንሰለፍ አይፈቅድም። ይኸው ተፈጸመ።

ብቻዬን አሥር ጨዋታ ተጫወትኩ። አምስት አሸነፍኩ፣ አምስት ተሸነፍኩ። ትናንትም አሥር፤ አምስት ለአምስት። ነሐስ ላይ ያሉት ጀማሪዎች ናቸው፣ እየሮጡ ግድግዳ የሚገጩ፣ ቦምብ እግራቸው ሥር የሚጥሉ። ማንም አልሰደበኝም። አንዷ «ጎበዝ ነሽ እኮ» አለችኝ።

ይሄ ነው ያላማረኝ። ሊያዋርደኝ የፈለገ ደላላ እዚህም ተሸናፊ ያደርገኝ ነበር። ሊያታልለኝ የፈለገ ደግሞ በአሥሩም አሸናፊ ያደርገኝ ነበር። አምስት ለአምስት የሚሰጠው ቦታሽ እዚህ ነው የሚለውን ሰው ነው። ወደ ሐሳቡ ተመልሼ አልሄድም። ነገ ከንጋት በፊት ሥራ አለኝ።

ጃንዋሪ 30

ሴት ወደቀች። በሕይወት አለች። ምሰሶው ነው።

ጃንዋሪ 31

የሆነውን ልጻፍ። ከሴዳር ጎዳና ወደ ሁለተኛ ጎዳና ወደ ግራ ስታጠፍ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ነበር፣ ቀስ ብዬ ነው የታጠፍኩት፣ መንገዱን ጠራርጌ አይቻለሁ። ባዶ ነበር። ከዚያ ከኋላዬ አንድ ተሳፋሪ ጮኸ። የአውቶቡሱ የፊት ግራ ጥግ የሴትየዋን ባለጎማ የመራመጃ መደገፊያ መትቶ ነበር። ቬርና ቦይቹክ ትባላለች፣ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እጇ አንጓው ላይ ተሰብሯል። በረዶው ላይ ተቀምጣ ኮፍያዋን ትፈልግ ነበር።

ግሌንዳ የአደጋ ቅጹን አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እጄን ይዛ ነበር። «ምሰሶው ሸፈነብሽ?»

«አዎ።»

«መብራቷን ጠብቃ ነው የገባችው ወይስ ሳትጠብቅ?»

ያንን ስትጠይቀኝ የእግረኛውን መብራት አየሁት ማለት እችል ነበር፣ አላየሁም ማለትም እችል ነበር። ባዶ መንገድ ላይ በድንገት የተገኘ ሰው ዘሎ የገባ ሰው ነው፤ እንዲያ ብዬ አሰብኩ። «ሳትጠብቅ» አልኩ። ግሌንዳ ጻፈችው፣ እኔ ፈረምኩ። ተሳፋሪው የጮኸው ሴትየዋ ስትወድቅ ነው፤ መብራቱን ያየ ሰው የለም። ያቺ አሮጌ ጥግ ካሜራ እንኳ የላትም።

ሎውል ሾርባ ሠርቶ አቀረበልኝ። ምንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻል ነበር።

ፌብሩዋሪ 6

ምርመራው ተዘጋ። ጥፋቱ የእግረኛዋ ነው ተባለ። ከሰኞ ጀምሮ ወደ መስመሬ እመለሳለሁ። ግሌንዳ ከዳቦ ቤቱ ሮዝ ክሬም የተቀባውን ጣፋጭ ገዝታ ፊቴ አስቀመጠችልኝ፣ «ተገላገልሽ» አለች።

«ሴትየዋ ምን አለች?»

«ያው እንደ ሁሉም። ተይው።»

«ግሌንዳ፣ ምን አለች?»

ፋይሉን ገልጣ አነበበችልኝ። «አረንጓዴዬን ጠብቄ ገባሁ። ሾፌሯ አየችኝ። ፊቷ ወደ እኔ ዞሮ ነበር፣ ዓይን ለዓይን ተያይተናል። አየችኝ ብዬ ነው የተሻገርኩት።»

ግሌንዳ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ፋይሉን ዘጋች። «አርጅታለች፣ ምስኪን። ማንም አያምናትም።»

ጣፋጩን አልበላሁትም። ዓይን ለዓይን ተያይተናል። የአውቶቡስ ጋራዡ በር ጋ ስደርስ ቆምኩና መንገዱ ባዶ መሆኑን አየሁ። ከዚያ ራሴን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ አዞርኩ። አንድ ሰው ውሻውን እየጎተተ ሦስት እርምጃ ያህል ቀርቶት አጠገቤ ደርሷል።

ፌብሩዋሪ 8

እሑድ። ዛሬ ከምሳ በኋላ ለሬዣን ደወልኩ። አንስቶ «እመቤቴ» አለ፣ ሦስት ሳምንት እንዳልተዘጋበት ሰው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ጊዜ ዓይንሽን አንስተሽ ወደ ግራ ስትል ምን ልትለኝ ነበር?»

«ጌሙን ክፈቺው» አለ። «ባዶውን ወደብ።»

ባዶው ወደብ ለልምምድ ነው። ተጋጣሚ የለም፣ ሜዳሊያ አይጠየቅበትም፣ ደላላውም አይገባበትም፤ ጓደኛ ጓደኛውን ጠርቶ ያስገባል። ስሙን ወደ ጓደኞቼ ዝርዝር መለስኩትና ጠራሁት፤ መድረኩ መሃል ላይ አቆመኝ። ማዶ ክሬኑ ጫፍ ላይ ቀይ መብራት አለች።

«እሷን ብቻ እይ። ዓይንሽን እንዳታንቀሳቅሺ። ስታይኝ አሁን በይ።»

«እሺ።»

ወዲያው ከቀኝ ጠርዝ ብቅ አለ። «አሁን» አልኩ።

«ጥሩ። ይሄ ቀኝሽ ነው። ደግመን።»

የጫማው ኮቴ በግራ ጆሮዬ ይሰማኛል፤ እንጨቱ ላይ ይረግጣል። ግራዬ ላይ ውሃ አለ፣ ሳጥኖች አሉ፣ ጭጋግ አለ። ሁሉም ሙሉ ነው፣ የጎደለ ነገር የለውም። ጥቁር ነገር ቢኖር አውቀው ነበር። ሰው ብቻ ነው የሌለው።

«ጀመርክ?»

«ጀምሬያለሁ።»

«ታዲያ ና።»

«ዓይንሽን አታንሺ።»

ከዚያ ቀይ መብራቷ አጠገብ ግማሽ ሰው መጣ። ግማሽ ፊት፣ አንድ እጅ። «አሁን!» ብዬ ጮህኩ። ወደ ኋላ ሲል ግማሹም ጠፋ፤ ወደ ፊት ሲል ተመለሰ። ክፍተት እንኳ አልተወም፣ ውሃው ዘጋበት።

«እስካሁን የት ነበርክ?»

«ከጀመርን ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ሁለት ደቂቃ ፊትሽ ስዘል ነበር። ችቦ አብርቻለሁ።»

«ያንን የተከለከለ ፕሮግራም አልጫንክም? በልጅህ ማልልኝ።»

«በልጄ። አሁን ወደ ግራ እይ።»

ዓይኔን አዞርኩ። ቆሟል። ሙሉ ሰው፣ ከእነ ችቦው፣ እጁን እያወዛወዘ።

ሰባት ጊዜ ደገምነው። ስምንተኛውን እኔ ነኝ በቃ ያልኩት። በማዳመጫው ውስጥ አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ አለቀስኩ፣ እሱም ሰማ።

«ሬዣን፣ ነገ ጠዋት አውቶቡስ አለኝ።»

«የለሽም» አለ። «አንቺ ነገ ሐኪም ነው ያለሽ። ያኔ ራስሽን ካመመሽ ወዲህ ነው እንዲህ የሆንሽው፤ ዓይንሽን ብቻ ሳይሆን ጭንቅላትሽንም ይዩልሽ። ለሎውል አሁን ካልነገርሽው እኔ እደውልለታለሁ፣ ስልኩን ባላውቅም ፈልጌ አገኘዋለሁ።»

ለሎውል ነገርኩት። ወንበሩን ስቦ በግራዬ በኩል ተቀመጠ፣ ከዚያ ተነሳና በቀኜ ዞሮ ተቀመጠ።

አሁን ብቻዬን ነኝና ልጻፈው። ሎውል ሲነግረኝ በቁጣ መለስኩለት። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ስትነግረኝ ዋሸሁ። ሬዣን ሲነግረኝ ሰረዝኩት። ደላላው ግን በሦስት ወር ውስጥ ከወርቅ ወደ ብር፣ ከብር ወደ ነሐስ እያወረደኝ አንድ ነገር ብቻ ሲነግረኝ ነበር፣ ሳያዝንልኝና ሳይጠላኝ። ግራ የገባው እሱ ነው ብዬ ስከሰው ከረምኩ። ግን እሱም ቢሆን ያየው እኔን ብቻ ነው። ወይዘሮ ቦይቹክን አያውቃትም። እሷን ማወቅ የእኔ ሥራ ነበር። አፈርኩ። ሌላ ቃል የለኝም።

ፌብሩዋሪ 9

ሎውል ወደ ሐኪም ቤት ከመሄዳችን በፊት ጋራዡ ጋ አቆመልኝ። ገና ሳይነጋ ነበር። ግሌንዳ የጠዋቱን ስምሪት እያደለች «317 ያንቺ ነው፣ ሦስቷን እንዳትረሺ!» ብላ ሳቀች።

«አልነዳም» አልኳት። «የአደጋ ቅጽ ስጪኝ። አዲስ።»

«የምን አደጋ?»

«የወይዘሮ ቦይቹክ።»

«ፋይሉ እኮ ተዘግቷል፣ አይላ።»

«ክፈቺው።»

ባዶ ቅጽ አወጣች። ቆሜ ጻፍኩ። እያንዳንዱን መስመር ስጀምር ጣቴን ወረቀቱ የግራ ጠርዝ ላይ አድርጌ ነው፤ ካልሆነ የመጀመሪያው ቃል ይጠፋኛል። ስጨርስ ግሌንዳ አነበበችው፣ እንደገና አነበበችው፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ምሰሶው አይደለም ብለሽ ጽፈሻል።»

«አይደለም።»

«ይሄን ከፈረምሽ መሪ አትይዢም። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«መብራቱ የእሷ ነበር ብለሻል። ሴትየዋን ካላየሻት ይሄን በምን አወቅሽ?»

«እሷ ናት ያለችው» አልኳት። «እዚያ መንገድ ላይ ከነበርነው ከሁለታችን የምታየው እሷ ነበረች።»